ለእባብ ቤት መሥራት የማያውቅ፣ ቤቱን ከእባብ አይጠብቅም

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ አንድ ልጅ የመጀመሪያ እባቡን ለማሳደግ የመስታወት ሳጥን ሲያሰናዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልክ ላይ አይጠፋም። ልጁ ሙቀት ይለካል፣ መደበቂያ ያስቀምጣል፣ ውኃ ይሞላል፣ ክዳኑን ደጋግሞ ይፈትሻል። እባቡ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሐበሻ ይህን ሲያይ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል። ሌላው ያማትባል። ሦስተኛው «ሰው የሚኖርበት ቤት ባጣበት ዘመን ለእባብ ቤት?» ብሎ ይስቃል።

ይሳቅ፤ ሳቅ አይከለከልም። ግን ያ የተሳቀበት ልጅ አንድ ነገር ያውቃል። እባብ ለመኖር ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። የሚስቀው ሰው ደግሞ ይህን ስለማያውቅ፣ እባብ የሚፈልገውን ሁሉ በገዛ ግቢው አሟልቶ ያቀርብለታል፤ ከዚያ አንድ ማታ እናቱ ወይም ልጁ ጓዳ ውስጥ ሲነደፉ «ከየት መጣብን?» ይላል።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለእባብ ቤት የመሥራት እውቀትና ቤትን ከእባብ የመጠበቅ እውቀት አንድ እውቀት ነው። አንዱን የናቀ ሌላውን ያጣል።

▪️ የበቆሎ እባብ

በውጭ አገር እባብ ማሳደግ ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው «የበቆሎ እባብ» የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። መርዝ የለውም። አይጥ ሲይዝ ተጠምጥሞ ከገደለ በኋላ ይውጣል። ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል።

ስሙን ከየት እንዳገኘ ሁለት ወሬ አለ። አንዱ፣ አይጥ ፍለጋ ከበቆሎ ጎተራ ስለማይጠፋ ነው ይላል። ሌላው፣ የሆዱ ዝንጉርጉር የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው ይላል።

የመጀመሪያውን ወሬ ደምበጫ ላይ ቢያወሩት ማብራሪያ የሚጠይቅ ገበሬ አይገኝም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው አገሩን ያውቀዋል፤ በክረምት ግራና ቀኙ በቆሎና ጤፍ ነው። በቆሎ ካለ ጎተራ አለ። ጎተራ ካለ አይጥ አለ። አይጥ ካለ እባብ አለ። አሜሪካዊው ገበሬ ከዚህ ተነሥቶ ለእባቡ ስም አወጣለት። እዚህ ያለው ገበሬ ግን እባቡን የሚያውቀው በዱላ ብቻ ነው።

▪️ መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ እባቡ

ያ ልጅ የሚሠራው ቤት ምን ምን አለው? ይህን መዘርዘር የሚጠቅመው ደምበጫ ላይ እባብ ለሚያሳድግ ሰው አይደለም። ጥቅሙ ወደ ኋላ ይታያል።

አንደኛ፣ ሙቀት። እባብ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሰው ወይም እንደ በግ ከውስጡ አያመነጭም፤ ከውጭ ይወስዳል። ሲበርደው ወደ ሞቀው፣ ሲሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ስለዚህ የበቆሎ እባብ ሳጥን አንድ ጫፉ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ሌላው ጫፍ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ማሞቂያው ሙቀቱን በሚቆጣጠር ቴርሞስታት ይያያዛል፤ ያለዚያ እባቡን ያቃጥለዋል። ላደገ እባብ ሳጥኑ 120 ሴንቲሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው ይመከራል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ተለይተው የሚቀመጡት ቦታ ሲኖር ነውና።

ሁለተኛ፣ መደበቂያ። አንድ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ በሞቃቱ በኩል፣ ሌላው በቀዝቃዛው በኩል። ጠባብ፣ ጨለማና የእባቡን ጎን ዙሪያውን የሚነካ መሆን አለበት። እባብ ሰፊ ሜዳ አይወድም፤ ሰውነቱ ግድግዳ ሲነካ ነው የሚረጋጋው። መደበቂያው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ እባቡ ከፍርሃትና ከብርድ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ በዚህም ይታመማል።

ሦስተኛ፣ ንጹሕ ውኃ።

አራተኛ፣ ምግብ። ትንሹ እባብ ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ትልቁ በአሥርና በአሥራ አራት ቀን አንድ አይጥ ይበላል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አይነካም፤ ከተነካ ይተፋዋል።

ከእነዚህ ሌላ ጉዝጓዝና ክዳን አለ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ይጎዘጎዛል፤ ሽታው ኃይለኛ ከሆነ እንጨት የተገኘ ከሆነ ግን ይጎዳዋል። ክዳኑ ደግሞ መቆለፍ አለበት። ጭንቅላቱ የገባበትን ቀዳዳ ሌላው አካሉ ይከተለዋል፤ ከሳጥን አምልጦ መጥፋት የበቆሎ እባብ የታወቀ ሙያው ነው።

ዋናው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ማሞቂያው በርቶ፣ ሙቀቱ ለጥቂት ቀናት እየተለካ ባዶውን ይቆያል። ልኩ መጣ ሲባል እባቡ ይገባል። ከገባም በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ማንም አይነካውም። ያ «ጠገበ» የተባለ ልጅ ከማንም በፊት ትዕግሥትን ይማራል።

▪️ አሁን ግቢውን እናንብበው

እነዚህን አራት ነገሮች ይዞ ከደምበጫ ዙሪያ ወዳለ አንድ የገበሬ ግቢ የሚገባ ሰው ምን ያያል?

ሙቀት፦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የድንጋይ ካብ፣ ምድጃው የማይጠፋበት ጓዳ፣ ከውስጥ የሚሞቅ የፍግ ክምር። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ብርድ የነካው እባብ ወዴት ይሂድ? መደበቂያ፦ ያው ካብ፣ ግድግዳው ሥር የተደገፈ የማገዶ ክምር፣ ኩበት፣ የጭድ ክምር፣ ከጣሪያ ወርዶ የተረሳ አሮጌ ቆርቆሮ። ውኃ፦ በእንስራና በገንዳ። ምግብ፦ ጎተራው ሥር የፈሰሰ እህል፣ እህሉ ላይ የሚርመሰመስ አይጥ። ክዳንስ? የበሩ ሥር ክፍት ነው፤ ምርጊቱ ወልቋል፤ ማዕዘኑ ላይ አይጥ የማሰው ጉድጓድ ለእባቡም መግቢያ ነው።

የውጭ አገሩ ልጅ በብዙ ብር የሚገዛውን የእባብ ቤት፣ ገበሬው ያለ ምንም ክፍያ፣ ያውም ሳያውቀው ሠርቶታል። ልዩነቱ አንድ ነው። የልጁ ሳጥን ይቆለፋል፤ ይህኛው ግን ውስጡ ሕፃን ይተኛበታል።

አያቶች ይህን ያውቁ ነበር። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ሲሉ ስለ ተንኮለኞች መናገራቸው ብቻ አልነበረም፤ እባብ የት እንደሚኖርም እየነገሩ ነበር። ተረቱ ቀርቶ ትምህርቱ ተረሳ። ዛሬ ካቡ ከመኝታው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሠራል፤ ማገዶው ከራስጌ ይከመራል።

ስለዚህ መፍትሔው ከሳጥኑ ዝርዝር ላይ እየተቀነሰ ይሠራል። ማገዶና ድንጋይ ከመኖሪያው ግድግዳ ይራቅ። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በእግር ይቁም፤ እግሩ ላይ አይጥ የማያስወጣ ቆርቆሮ ይጠምጠምበት። እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሰር። የፈሰሰ ይጠረግ። አይጥ የቆፈረው ይደፈን፤ ምርጊቱ ይታደስ፤ የበሩ ሥር ይዘጋ። ሕፃን መሬት ላይ አይተኛ፤ አጎበር ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ይዘርጋ። አጎበር ከወባ ትንኝ ብቻ አይደለም የሚከላከለው። ማታ የሚወጣ ሰው ባትሪና ዱላ ይያዝ። ከዚህ ውስጥ ውድ የሆነ የቱ ነው? አብዛኛው ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። የጎደለው እውቀቱ ነው፤ እውቀቱ የጎደለው ደግሞ ስለ እባብ ማወቅ እንደ ጥንቆላ ወይም እንደ ቅንጦት ስለተቆጠረ ነው።

▪️ ሞቱ የቀልድ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነከሳል። ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆነው ይሞታል። ሦስት እጥፍ የሚሆነው ደግሞ እጅና እግሩን ያጣል ወይም ለዘለቄታው አካሉ ይጎዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገባው። በ2019 ደግሞ ሞትና አካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ የመቀነስ ዕቅድ አወጣ። «ችላ የተባለ» የሚለው ቃል ልክ ነው። የሚነከሰው ገበሬና እረኛ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድና ከዋና ከተማ የራቀ ሰው ነውና።

ጎጃም ይህን በሌላ በር ያውቀዋል። በየዓመቱ የደጋው ወጣት ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ይወርዳል። እዚያ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ በጨለማ ይነሣል፤ በእጁ ያርማል። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርን ሲያክሙ ከጎኑ በእባብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞችንም ሲያክሙ ቆይተዋል። ደጋ ያደገ ልጅ ቆላ ወርዶ እፉኝትን በድንጋይ ሥር ሲያገኘው፣ እባብ ሞቅ ያለ ጠባብ ቦታ እንደሚወድ ማን ነግሮት ያውቃል? ትምህርት ቤት? ቀጣሪው? ጤና ኬላው?

መድኃኒቱስ? በአፍሪካ ለብዙ ዓይነት እባብ ይጠቅም የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ የመርዝ ማርከሻ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ። የመጨረሻው ክምችት ሰኔ 2016 ላይ ጊዜው አለፈበት። ኩባንያው ያቆመው ስላላዋጣው ነው፤ ገዢው ድሃ ነበርና። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የተነደፈ ሰው ሆስፒታል የሚደርስበት ሰዓት ይረዝማል። መድኃኒቱ ሩቅ፣ መንገዱ ዝግ ከሆነ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያውኑ አለመነደፍ። ይህም ከላይ የተባለው እውቀት ነው።

የተነደፈም ቢሆን የሚጎዳው መርዙ ብቻ አይደለም። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር እግሩን ያሳጣል። ትክክለኛው የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ሰውየውን ሳያስሮጡ፣ ቀለበትና አምባሩን አውልቆ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

▪️ የሚገደለው ማን ነው?

«እባብ የልቡን አይቶ እግር ነሳው» ይባላል። ከዚህ ተረት የተነሣ እባብ ሁሉ አንድ ነው፤ ሁሉም መርዘኛ ነው፤ ሁሉም ይገደላል። ሐቁ ሌላ ነው። «የቤት እባብ» የሚባሉ መርዝ የሌላቸው የአፍሪካ እባቦች አሉ፤ አይጥና እንሽላሊት ይበላሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ይኖራሉ። «የአቢሲኒያ የቤት እባብ» የሚባለው ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። ያ አሜሪካዊ ልጅ የበቆሎ እባብ ባያገኝ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመከርለት ማን ይመስላችኋል? ይኸው የአፍሪካ የቤት እባብ ነው። እዚህ በድንጋይ የሚቀጠቀጠው እዚያ በቴርሞስታት ይሞቃል።

ይህ ብቻም አይደለም። የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የሌለው መርዘኛ እባብ፣ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1977 ከኢሉባቦር በተገኘ ናሙና በጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦመ ነው። የባሌ ተራሮች ዘመዱ ለብቻው የታወቀው በ2016 ነው። የመጀመሪያው ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ በሰብሳቢዎች ሳጥን ውስጥ ይራባል፤ ይሸጣል። ስንት ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስሙን ሰምቷል? የራስን እባብ ከባዕድ ሳጥን ማወቅ ያሳፍራል።

ማንም ሰው ከእባብ ጋር ይደር አልተባለም። የማያውቁትን እባብ መንካትም፣ ለመለየት ብሎ መጠጋትም ሞኝነት ነው። ግን ማሳ ዳር በራሱ መንገድ የሚሄደውን እባብ እያሳደዱ መግደል ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ብዙ ሰው የሚነደፈው እባቡን ለመግደል ሲጠጋ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተው አይጥ በል ከሆነ ጎተራው ጠባቂ አጥቷል። መንገድ መልቀቅ ፍርሃት አይደለም።

▪️ እባብ ለሚመኘው ወጣት

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን። ቪዲዮውን አይቶ ያልሳቀ፣ ይልቁንም «እኔም ባሳድግ» ያለ ወጣት አለ። እርሱም መስማት ያለበት አለ።

ከማሳ እባብ ይዞ ሳጥን ውስጥ መክተት እባብ ማሳደግ አይባልም። የዱር እባብ ይፈራል፤ አልበላም ይላል፤ ይሞታል። መርዘኛ ከሆነ ደግሞ አሳዳጊው ቀድሞት ይሞታል። ሕጉም አይፈቅድም፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ንግድን የሚገዛውን ሳይተስ የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችውም በ1981 ዓ.ም. ነው።

«የበቆሎ እባብ ከውጭ ላስመጣ» ለሚል ደግሞ ጥያቄው ይህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ በደጋ ሌሊት ምን ያሞቀዋል? ሲታመም ስለ እባብ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም የት አለ? አንተ ለሥራ ከደምበጫ ብትወጣ ለ20 ዓመት ማን ይመግበዋል? ካመለጠስ? ይኸው እባብ ከአገሩ ወጥቶ በአንዳንድ የካሪቢያን ደሴቶች ዱር ገብቶ ተራብቷል፤ እዚያ የነበሩ ትንንሽ እንስሳት ከፍለውበታል። ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ፣ እባብ የሚያስተላልፈው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያም አለ። ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ቤት አልሠራም፤ ቤት ሳይሠራ እንግዳ አይጠራም።

ታዲያ ፍላጎቱ ይሙት? አይሙት። በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ያንኑ ሳጥን ይሥራ፤ ባዶውን። ተማሪው በአንድ ጫፍ አምፖል ያብራ፣ በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር ያስቀምጥ፣ ሳምንት ሙሉ ይመዝግብ። ከዚያ ያንን ቴርሞሜትር ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድና ካቡን፣ የማገዶ ክምሩን፣ ጓዳውን ማታና ጠዋት ይለካ። እባብ የት እንደሚያድር እባብ ሳያይ ያውቃል። ይህን ለአባቱ ሲያሳየው አባቱ ማገዶውን ያነሣል። እባብ የሌለበት የእባብ ቤት፣ ለደምበጫ የሚሻለው የመጀመሪያ የእባብ ቤት እርሱ ነው።

▪️ «ቅንጦት ነው» ለሚሉ

አሁንም «ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ እባብ ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ስለ እባብ የሚወራው ሰው ስለሚሞት ነው። ስለ ትንኝ የሚወራው ትንኝ ስለተወደደች አይደለም፤ ወባ ስለሚገድል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንኝ የት እንደምትራባ ቤት ለቤት ታስተምራለች፤ ገበሬውም ያቆረውን ውኃ ያፋስሳል። እባብ የት እንደሚያድር ማስተማር ከዚህ በምን ይለያል? ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የግብርና ባለሙያው ስለ ጎተራ ሲያስተምር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር። ጤና ጣቢያው ወደ ቆላ የሚወርደውን ወጣት ከመሄዱ በፊት ያስተምር። የሰሊጥ ባለሀብቱ ለሠራተኛው ቦቲ ጫማ፣ ባትሪና ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ያቅርብ፤ ከሚያጭድለት ሰሊጥ አንጻር ዋጋው ኢምንት ነው። የጤና ሚኒስቴርም የመርዝ ማርከሻው የትኛው ሆስፒታል እንዳለ ሕዝብ እንዲያውቀው ያድርግ፤ የተነደፈ ሰው ከከተማ ከተማ እየዞረ አይፈልገውም።

«እባብ ሰይጣን ነው» ለሚለው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ሰይጣን ከሆነ፣ ካቡን ከመኝታህ ግድግዳ አርቀው፤ ሰይጣን ማደሪያ አይሠራለትም።

ያ የመስታወት ሳጥን ያለው ልጅ ምሽት ላይ ክዳኑን ቆልፎ በሰላም ይተኛል። እባቡ የት እንዳለ ያውቃልና። ደምበጫ ላይ የሚተኛው ልጅም ያንኑ ያህል ሊያውቅ ይገባዋል።